ቤትን ያለ ፍሊት ከተባይ መጠበቅ፦ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ቤቶች የሚሆን መመሪያ

በቤት ውስጥ የሚኖር ተባይ ሁሉ ሦስት ነገር ይሻል፦ የሚበላው፣ የሚጠጣውና የሚሸሸግበት። ፍሊት ሲነፋ የሚሞተው በዚያች ሰዓት ከተደበቀበት የወጣው ነው፤ እንቁላሉና በስንጥቅ ውስጥ ያለው ይተርፋል። ምግቡ፣ ውኃውና ስንጥቁ እንዳሉ ከቆዩ ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቤቱ እንደነበረው ይሆናል። መርዝ የሌለበት ዘዴ ስለዚህ ከመግደል በፊት በማሳጣት ይጀምራል። መግደል ሲያስፈልግ ሙቀት፣ ሳሙናና አየር መከልከል አሉ። በረሮና ትኋን ትውልድ በትውልድ ፍሊትን ይለማመዳሉ፤ የፈላ ውኃን የሚለማመድ ነፍሳት ግን የለም።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሥራው እንደ ቤቱ ዓይነት ይለያያል። በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳና በጎፋ ኮንዶሚኒየሞች ግድግዳውም ቧንቧውም ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፤ አንዱ ቤት ሲታከም ተባዩ ወደ ሌላው ይሻገራል። በጭቃ ቤቶች ዋናው ችግር የተሰነጠቀ ግድግዳና ከአቡጀዲ ወይም ከማዳበሪያ የተሠራ ኮርኒስ ነው። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ወይም በሃይሌ ጋርመንት የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ አቅራቢያ ያለ ቤት ደግሞ ለአይጥ፣ ለዝንብና ለቢምቢ የበለጠ ትኩረት ሊሰጥ ይገባል።

የሚያስፈልጉት ነገሮች ውድ አይደሉም፦ ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሳሙና፣ አቼቶ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የተነፋ የእንጨት አመድ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ ጀሶ ወይም ስቱኮ፣ ውኃ መርጫ ጠርሙስ፣ ካውያና ማንቆርቆሪያ። ቤኪንግ ፓውደር ቤኪንግ ሶዳን አይተካም፤ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ ለጽዳት አይረባም። ሲገዛ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይጠቅማል።

1. ተባዩን መለየት

ለበረሮ የሚሠራው ለትኋን አይሠራም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የችግሩ ባለቤት ይታወቃል። ምርመራው የሚካሄደው መብራት ከጠፋ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ በስልክ ባትሪ ነው። በማድ ቤት ከምድጃው ጀርባ፣ ከፍሪጁ ሞተር ሥርና ከእቃ ማጠቢያው በታች፤ በመኝታ ቤት ደግሞ የፍራሹ ስፌት፣ የአልጋው መጋጠሚያና በግድግዳ የተሰቀለ ሥዕል ጀርባ ይታያል። ጥቁር ነጠብጣብ ከስፌት ዳር ከታየ ትኋን ነው፤ የቡና ዱቄት የሚመስል ብናኝ በመሳቢያ ውስጥ ከታየ በረሮ ነው፤ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ጥቁር ኩስ የአይጥ ነው። ቀን ቀን በረሮ መታየቱ መደበቂያው መሙላቱን ስለሚያመለክት ሥራው ቀላል እንደማይሆን ከወዲሁ ማወቅ ነው።

2. ምግብና ውኃ ማሳጣት

በረሮ ያለ ምግብ ሳምንታት ይቆያል፤ ያለ ውኃ ግን ብዙ አይዘልቅም። ስለዚህ ማታ ከመተኛት በፊት የእቃ ማጠቢያው ሳህን በጨርቅ ይደርቃል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይጠገናል፣ ከፍሪጁ ሥር ያለው የውኃ መቀበያ ይደፋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባልዲና ጀሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ክዳን ከሌለው ግን በረሮም ቢምቢም ይጠቀሙበታል።

የቡሆው ዕቃ ይከደናል፣ ከምጣዱ ዙሪያ የፈሰሰ ሊጥ ሳይደርቅ ይጠረጋል፣ እንጀራው በሞሶብ ወይም በሚገጥም ክዳን ይቀመጣል። የምግብ ትራፊ ክዳን ባለው ባልዲ ይጠራቀማል፤ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እስኪመጡ ድረስ በላዩ አመድ መነስነስ እርጥበቱንም ሽታውንም ይቀንሳል። ከገበያ የመጣ ካርቶንና የሽንኩርት ጆንያ ደጅ ይራገፋል እንጂ ወደ ማድ ቤት አይገባም፤ የበረሮ እንቁላል በብዛት የሚጓዘው በዚያ ነው። በረንዳ ላይ የተቀመጠ የከሰል ማዳበሪያም ከግድግዳ ተለይቶ ከፍ ባለ ነገር ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

3. ቀዳዳ መዝጋትና አይጥ

ትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሚያህል ቀዳዳ ትገባለች፤ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይበቃታል ማለት ነው። ትልቁ አይጥ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ በውኃ ስለሚሞላ ወደ ቤት ይጠጋል፤ የመዝጋቱ ሥራ ከሰኔ በፊት ቢጠናቀቅ መልካም ነው።

ቀዳዳው መጀመሪያ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ተጠቅጥቆ በላዩ ጀሶ ወይም ሲሚንቶ ይመረጋል። በጨርቅ፣ በፌስታል ወይም በጭቃ ብቻ መድፈን የተለመደ ስህተት ነው፤ አይጥ በአንድ ሌሊት ይፈለፍለዋል። ቧንቧ በግድግዳ የሚያልፍበት ቦታ፣ የበሩ ሥርና ኮርኒሱ ከግድግዳ የሚገናኝበት ጠርዝ ሳይታዩ መቅረት የለባቸውም።

ከውስጥ የቀረውን ለመያዝ ወጥመድ ይበቃል። አይጥ ግድግዳ ታካ ስለምትሄድ ወጥመዱ በክፍሉ መሃል ሳይሆን ከግድግዳው ጋር ቀጥ ብሎ፣ ምግቡ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጣል። የለውዝ ቅቤ የባቄላ ፍሬ ያህል ይበቃል፤ ከበዛ ሳትያዝ በልታ ትሄዳለች። አንድ ወጥመድ ለወር ከማቆየት አምስት ስድስቱን በአንድ ሌሊት ማጥመድ ይሻላል። ኩሷ በደረቁ አይጠረግም፤ ብናኙ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። በሳሙና ውኃ ወይም በተበረዘ በረኪና ረጥቦ በወረቀት ይነሳል።

የአይጥ መርዝ እዚህ ላይ ሁለት ጉዳት አለው። የበላችው አይጥ ኮርኒስ ውስጥ ሞታ ለሳምንታት ትሸታለች፤ የሞተችውን የበላች ድመትም ትመረዛለች። ድመቷ ከሞተች በኋላ አይጡ መብዛቱ አይገርምም።

4. በረሮ

አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ተበጥብጦ በመርጫ ጠርሙስ ይደረጋል። በረሮ የሚተነፍሰው በጎኑ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ የሳሙና ውኃ ወደነዚያ ቀዳዳዎች ስለሚሰርግ ያፍነዋል። የሚሠራው ግን ገላውን ሲነካው ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ ተረጭቶ የደረቀ ሳሙና ምንም አይገድልም። ፍሪጅ ሞተርና የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አይረጭም፤ እነዚህ ከሶኬት ተነቅለው በደረቅ ብሩሽ ይጸዳሉ።

ለሌሊቱ ወጥመድ ይዘጋጃል። ባዶ የጃም ጠርሙስ ውስጥ በጠላ ወይም በቢራ የራሰ ዳቦ ይጨመራል፤ የአፉ ውስጠኛ ዳር ሁለት ጣት ያህል ቫዝሊን ይቀባል፤ ውጪው እንዲያወጣቸው በወረቀት ይጠቀለላል። በዳቦው ሽታ ተስበው የገቡት መውጣት አይችሉም። ጠዋት የፈላ የሳሙና ውኃ ይጨመርበትና ይደፋል። በየሳምንቱ የተያዙት ቢቆጠሩ ሥራው እየተሳካ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል፤ ቁጥሩ ካልቀነሰ ያልተዘጋ የውኃ ምንጭ አለ።

በቤት ውስጥ የሚራባው ትንሹ በረሮ በአንድ የእንቁላል ከረጢት 30 እስከ 40 የሚደርሱ እንቁላሎች ይይዛል። ቡናማውን ከረጢት በመጥረጊያ ጠርጎ መጣል አይበቃም፤ ይጨፈለቃል ወይም የፈላ ውኃ ይፈስበታል። ከዚያ ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል። ቀጭን ካርድ የሚያስገባ ስንጥቅ ለበረሮ ጫጩት ሰፊ ቤት ነው።

ስኳርና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሎ መነስነስ በየሰፈሩ የሚመከር ነገር ነው፤ ውጤቱ ደካማ ስለሆነ በእርሱ ላይ መመካት አይገባም። ቦሪክ አሲድ ግን በእርግጥ ይሠራል። መርዛማነቱ ከፍሊት ያነሰ ይሁን እንጂ መርዝ መሆኑ አልቀረም፤ ልጅ ያለበት ቤት እጅ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ብቻ፣ በዓይን ለማየት እስኪያስቸግር ሳስቶ ይነሰነሳል። ክምር ከሆነ በረሮው ዞሮት ያልፋል።

በኮንዶሚኒየም አንድ ቤት ብቻውን ቢደክም ከንቱ ነው። በአንድ ደረጃ የሚገናኙ ቤቶች በብሎክ ኮሚቴው በኩል አንድ ቅዳሜ ተስማምተው የቧንቧውን ዙሪያ በአንድ ቀን ቢደፍኑ የወራት ልፋት ይቀራል።

5. ትኋን

ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ትኋን የቆሻሻ ምልክት አይደለም፤ በሻንጣ፣ በአሮጌ ሶፋና በእንግዳ ብርድ ልብስ ይገባል። ጎልማሳው ሳይበላ ወራት ይቆያል፤ ክፍሉን ለሁለት ሳምንት ዘግቶ መሄድ ስለዚህ መፍትሔ አይሆንም። የሚያጠፋው ሙቀት ነው፤ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ውስጥ ድረስ የዘለቀ ሙቀት እንቁላሉንም ይገድላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይተርፋል።

ሥራው የሚጀመረው አልጋውን በማግለል ነው። አንሶላው፣ የትራስ ልብሱና ጋቢው እዚያው አልጋው አጠገብ በፌስታል ታስሮ ይወጣል፤ በእቅፍ ተሸክሞ ሳሎን ማቋረጥ ትኋን መዝራት ነው። የጥጥ ልብስ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ውኃው እጅ የማያስገባ መሆን አለበት። የሱፍ ብርድ ልብስ በሙቅ ውኃ ስለሚኮማተር ሌላ መንገድ ይፈለግለታል፤ ዲፕ ፍሪዘር ያለው በፌስታል አስሮ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች አራት ቀን ሊያቆየው ይችላል። በመሃል መብራት ከጠፋ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ከዚያ ፍራሹ ይቆማል። ስፌቱ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየተፈተገ በሥሩ የሳሙና ውኃ የያዘ ሳፋ ይቀመጣል። ቀጥሎ ካውያ ይሞቃል፤ ስፖንጅ ፍራሽ እንዳይቀልጥ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ በስፌቱ ላይ ተደርጎ ካውያው በዝግታ ይሄዳል። ዝግታው ዋና ነገር ነው፤ በሩጫ ያለፈ ካውያ ጨርቁን ያሞቃል እንጂ እንቁላሉ ጋ አይደርስም። የአልጋው ቆጥ ተፈትቶ ወደ ደጅ ይወጣና መጋጠሚያው፣ የብሎን ቀዳዳውና ስንጥቁ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ይንቆረቆርበታል። ከደረቀ በኋላ ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል። በጭቃ ቤት ከአልጋው ዙሪያ ያለው ግድግዳ ተለስኖ ኖራ ይቀባል፤ ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል ሲበጠበጥ ልጆች ይራቃሉ።

አልጋው ሲመለስ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይርቃል፣ ብርድ ልብሱ ወለል አይነካም፣ አራቱም እግሮች የሳሙና ውኃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ይቆማሉ። ትኋን አይበርም፣ አይዘልም፤ ወደ ተኛው ሰው የሚደርሰው ተራምዶ ብቻ ስለሆነ ጣሳው ውስጥ ይቀራል። ሰው ግን በዚያው አልጋ መተኛቱን ይቀጥል። ወደ ሳሎን ሶፋ መሸሽ ትኋኑን አስከትሎ መሄድ ነው።

እንቁላሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚፈለፈል የፈላ ውኃውና ካውያው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ይደገማል። አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ንክሻው ሲቆም ሥራውን በማቆሙ ነው።

ሁለት ነገሮች ፈጽሞ አይሞከሩም። ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን አልጋ ላይ መቀባት ቤት ያቃጥላል። ፍራሽን ለፀሐይ ማስጣት ደግሞ ጉዳት ባይኖረውም አይገድልም፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ የፍራሹን ቆዳ ቢያግልም መሃሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ትኋኑም ወደ ጥላው ወገን ይዞራል።

6. ነቀዝ

ነቀዝ ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ አይፈጠርም፤ ከእህሉ ጋር ተገዝቶ ይመጣል። ስለዚህ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ሲገዛ በሰፌድ ተበጥሮ የተቦረቦረ ፍሬ ይፈለጋል። ቀጥሎ ድርቀቱ ይለካል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ተጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ ይናጣል፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፤ በበጋ ፀሐይ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት። እርጥብ እህል የታሸገ ዕቃ ውስጥ ይሻግታል።

የደረቀው እህል በንጹሕ ጀሪካን ወይም ሦስት ድርብ በሆነው ፒክስ ከረጢት እስከ አፉ ይሞላል፤ ክፍት ቦታ እንዳይቀር እየተመታ ይጠቀጠቃል፤ በጥብቅ ይዘጋል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርሳል፣ ከዚያ ያልቃል። ዘዴው የሚከሽፈው በየሁለት ቀኑ እየተከፈተ ሲቀዳ ነው፤ አየር በገባ ቁጥር ነቀዙ ነፍስ ይዘራል። ለዕለት የሚፈለገው በትንሽ ዕቃ ይለይና ትልቁ ቢያንስ አንድ ወር ሳይነካ ይቆይ።

ሌላው መንገድ የገበሬው ነው፦ ጤፍ መቀላቀል። የጤፍ ፍሬ በሽምብራው ወይም በበቆሎው መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያጣል። ጤፉ ራሱ ለነቀዝ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አይጠቃም፤ ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ደረቅና የተነፋ አመድም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ በተጨማሪም የነፍሳቱን ቆዳ ፍቆ ያደርቃል። ለዘር ወይም ታጥቦ ለሚቀቀል ጥራጥሬ ይሆናል፤ ለዱቄት አይሆንም።

ሽሮ ሲዘጋጅ ቆሎው በእሳት ስላለፈ እንቁላል የለበትም። ነቀዝ የሚገባው በኋላ፣ የድሮ ዱቄት በዳሩ ከቀረበት ዕቃ ነው። ዕቃው በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ፣ ዱቄቱም ከወፍጮ ሲመጣ ሙቀቱ ከወጣ በኋላ ይሞላል።

የነቀዝ ክኒን የሚባለው ግን ወደ መኖሪያ ቤት መግባት የለበትም። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ በጆንያ ጨርቅና በበር ሥር ያልፋል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። እህል ባለበት ክፍል ሰው የሚተኛ ከሆነ አንድ ፍሬ ክኒን እንኳ ብዙ ነው።

7. ቁንጫ፣ ዝንብ፣ ቢምቢና ጉንዳን

ለበዓል የተገዛ በግ ቤት አጠገብ ሲያድር ቁንጫ ይተዋል። ወለሉ በየቀኑ ይጠረጋል፤ ጥራጊው ይቃጠላል ወይም በሳሙና ውኃ ይነከራል። ማታ ዝርግ ሳህን የሳሙና ውኃ ወለል ላይ ተቀምጦ ከበላዩ ትንሽ መብራት ቢበራ ወደ ብርሃኑ የሚዘለው ውኃው ውስጥ ይገባል።

ለዝንብ የሀይላንድ ጠርሙስ ከአንገቱ ሥር ይቆረጥና አንገቱ ተገልብጦ ይሰካል፤ ውስጡ ሥጋ ትራፊና ጥቂት ውኃ ይጨመራል። ሽታ ስላለው ከቤት ራቅ ብሎ ይሰቀላል። በሙዝ ዙሪያ ለምትበረው ትንሿ ዝንብ አቼቶ፣ ጥቂት ስኳርና አንድ ጠብታ ላርጎ ይበቃል፤ ላርጎው ከሌለ ጠጥታ ትሄዳለች።

አዲስ አበባ ውስጥ ቢምቢ የሚፈለፈለው በቆመ ውኃ ነው፦ ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ፣ አሮጌ ጎማ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ። የጉድጓዱ የአየር ማስወጫ ቱቦ አፍ በወንፊት ሽቦ ይታሰር። ጉንዳን የሄደበት መስመር በአቼቶ ሲታጠብ የሽታ ምልክቱ ስለሚጠፋ መንገዱ ይጠፋዋል።

8. ያለ ጠንካራ ኬሚካል ማጽዳት

ቅባት የሚያስለቅቀው ሙቅ ውኃና ሳሙና ነው። አቼቶና ሎሚ የሚጠቅሙት ለሌላ ሥራ ነው፦ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ለተጋገረ ነጭ ቅርፊት፣ ለቧንቧ ዝገትና ለመስተዋት። ከአቃቂ የጉድጓድ ውኃ በሚደርሳቸው ቤቶች ቅርፊቱ ቶሎ ይፈጠራል፤ እኩል አቼቶና ውኃ አፍልቶ ለግማሽ ሰዓት መተው ይበቃል። ማርብልን ግን አሲድ ይበላዋል። ቤኪንግ ሶዳ ለተቃጠለ ድስትና ለፍሪጅ ሽታ ይሆናል፤ አሉሚኒየምን ያጠቁራል፤ አመድም እንዲሁ። ጋን፣ እንስራና የእንጨት ዕቃ በግራዋ ቅጠል መፈተጉ ከማንኛውም ሳሙና ይመረጣል፤ ሽታ አይተውም።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ ሲደረጉ የሚፈላው አረፋ ብዙዎችን ያታልላል። ሁለቱ እርስ በርስ ተጣፍተው የሚቀረው ጨዋማ ውኃ ነው። በየተራ ነው የሚሠሩት። ፍሳሽ ሲዘጋም የፈላ ውኃ አይደፋም፤ የኮንዶሚኒየም ፒቪሲ ቧንቧ ከ60 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳል። እጅ የሚችለው ሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ከዚያም የጎማ መምጠጫ ይሻላል።

ነጭ ልብስ በእንዶድ ማጠብ ለጥጥ ተስማሚ ነው። እንዶድ ግን ከተዋጠ ይመርዛል፤ ዓይንንም ያቃጥላል፤ ዓሣና ቀንድ አውጣ ስለሚገድል የታጠበበት ውኃ ወደ ትንሹ አቃቂ መደፋት የለበትም።

በረኪና ፈጽሞ ከቤት ይውጣ ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ አቼቶ አይበቃም፤ ያኔ በትክክል የተበረዘ በረኪና ያስፈልጋል። ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ጋር ግን አይቀላቀልም፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል።

9. ጭስና ቅጠል

ጥንጁት፣ ወይራ፣ ባሕር ዛፍና ጠጅ ሳር ሽታቸው ነፍሳትን ያባርራል፤ ጭሱ ሲበተን ግን ይመለሳሉ። ልብስ ሣጥን ውስጥ ለብል፣ ማታ ደጅ ለቢምቢ ይጠቅማሉ፤ የሞላ በረሮ ወይም ትኋን አያጠፉም። ከሰል ላይ ሲታጠኑ መስኮትና በር ይከፈታል፤ ማንደጃው ሰው የሚተኛበት ክፍል አያድርም። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ይገድላል።

10. የቀረውን መርዝ ማስወገድ

ቤት ውስጥ የተጠራቀመ ፍሊት፣ የአይጥ መርዝና የነቀዝ ክኒን ሽንት ቤት ወይም ወንዝ አይጣልም፤ በውኃ ጠርሙስም አይገለበጥም። በተገዛበት ዕቃ ታሽጎ፣ ከምግብ ርቆ፣ ተቆልፎ ይቀመጥና ስለ አወጋገዱ የወረዳው ጤና ወይም ግብርና ባለሙያ ይጠየቃል። ሰው ከዋጠ ለማስታወክ አይሞከር፣ ወተትም አይሰጠው። ወደ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደወል፤ የመርዙ ማሸጊያ አብሮ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።